ዝንቧ ማን ናት?

በዚህ አገር ግጥም በጥሞና የሚያነብ ሰው ከፈለጋችሁ ሃያሲ ጋ አትድከሙ፤ ቀበሌ ሂዱ። እኔ ራጉኤል አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ጸጉሬ ሸበተ፤ ተማሪዎቼ ለፈተና እንኳ አንድ ግጥም ሁለቴ አያነቡም። የቀበሌያችን የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ ግን የደሳለኝን ግጥም ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት ነው የጠበቀኝ።

ደሳለኝ የድሮ ተማሪዬ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ተመርቆ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ሲፈልግ ኖረ። በመጨረሻ፣ በማኅበር ከሚደራጁት ሥራ አጦች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ገባለት። አርፎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? የወጣቶች ስብሰባ ላይ ተነስቶ ግጥም አነበበ። ያውም ዘመናዊ፣ ቤት የማይመታ...

በር።
በሩ ላይ ቁጥር።
ቁጥሩ ላይ ዝንብ።
ዝንቧ ገባች።

አለቀ። ሰዉ ቀሪውን ሲጠብቅ እሱ ተቀመጠ።

በሳምንቱ ዝርዝሩ ሊጸድቅ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው፣ "ይህ ግጥም ሳይብራራ የልጁን ስም ማጽደቅ ይከብደናል" አለ። አብራሪ ሆኜ የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኛ።

"መምህር፣ በሩ የማን ነው?"

"የማንም... እንዲሁ በር ነው።"

"ቁጥሩስ? የእኛ ቢሮ ቁጥር ስምንት ነው።"

"ግጥሙ እኮ ስምንት አይልም።"

"አለማለቱ ነው ያሳሰበን" አለና እስክሪብቶውን አነሳ። "ዝንቧ ማን ናት?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ ግጥሙ ገብቶኛል። ልጁ ሦስት ዓመት የቆመበት በር ነው፤ ዝንቧ ያለ ማመልከቻ ገባች፣ እሱ በማዕረግ ዲግሪው ውጭ ቀረ። ይህን ብል ግን ልጁ ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ እኔም ከምን እንደምሰረዝ አይታወቅም። ደሳለኝ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ጉሮሮዬን ጠረግሁና የተማርኩትን ሥነ ጽሑፍ ሁሉ አሰባስቤ፣ "ዝንቧ ዝንብ ናት" አልኩ። "ግጥሙ ስለ ንጽህና ነው። በር በወቅቱ ካልተዘጋ ዝንብ ይገባል፤ ዝንብ ከገባ በሽታ ይመጣል።"

የኃላፊው ፊት በራ። "ልማታዊ ግጥም ነዋ?"

"እጅግ ልማታዊ።"

"እንግዲያው በጽዳት ዘመቻው በድምፅ ማጉያ ይነበባል።"

ይኸኔ ከኋላ ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን አወጡ። አንዋር መስጊድ ጀርባ ጣቃ ሲሸከሙ ያረጁ ሰው ናቸው። "እኔ እንኳ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉ ረጋ ብለው። "ግን ይቺ ዝንብ ውስጥ ዘመድ ያላት ትመስለኛለች።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው ራሱ ሳቀ። መሳቁ ሲታወቀው ደነገጠና፣ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሳይናገር ዝርዝሩን በችኮላ አጸድቆ ስብሰባውን ዘጋ።

ውጭ ደሳለኝን አገኘሁትና፣ "እንኳን ደስ አለህ" ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ልጁ ከማደራጃው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ትንሽ ምስጋና ጠብቄ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

"መምህር፣ ግጥሜ ላይ እኮ ፍሊት ነፉበት" አለኝ። እጄን ሳይጨብጥ ሄደ።

እዚያው እንደቆምኩ ጋሽ ሸምሱ መጡና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ ደመወዝተኛ ነህ አይደል?"

"ነኝ፣ ጋሽ ሸምሱ።"

"ለዚህ ነዋ ያልገባህ።"

ከማንም በፊት እንደገባኝ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ግን የገባው ሰው ተነስቶ ስለ ንጽህና ከተናገረ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አሰብኩና ተውኩት።

"እውነትዎን ነው" አልኳቸው፤ "አልገባኝም።"