የጉድጓዱ ሽምግልና

ሰው በዓይኑ ያላየውን ነገር ይዞ ሲከራከር ድምፁ ከፍ ይላል። ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ብርጭቆ ሲጣሉ ያየሁት ሰው የለም፤ ብርጭቆው እዚያው ስላለ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ከመሬት በታች ርቆ ስለተቀበረ ነገር ግን፣ ማንም ወርዶ ሊያረጋግጥ ስለማይችል፣ ሁላችንም ባለሙያዎች ነን። እናንተም፣ ይቅር በሉኝና፣ ስለ አንዱ የተቀበረ ነገር ጠንካራ አቋም ሳይኖራችሁ አይቀርም።

እኔ አቋም የለኝም። ይህ በቤታችን እንደ በሽታ ይቆጠራል። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት ልብ ወለድ በማንበብ ነው፤ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ይሉታል። አሁን የምሠራው ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሰዎች አንብበው የመለሷቸውን መጻሕፍት በየመደርደሪያቸው መመለስ ነው። መጻሕፍት ካልከፈቷቸው አያናግሩም፤ እኔም እንደዚያው ነኝና ተስማምተን እንኖራለን። አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚባል ከተማ ባለው በአጎቴ በሰይድ ቤት ግን፣ እኔም በምኖርበት፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች ማለት የመኪና ኢንሹራንስም፣ የደም ግፊትም፣ የጨረቃ ግርዶሽም ታውቃለች ማለት ነው። ስለዚህ የጋዝ ጉዳይ ቤታችን የገባ ዕለት ባለሙያዋ እኔ ሆንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢኮኖሚው ወደቀ በተባለበት ዊንተር፣ በበረዶው ወራት፣ አጎቴ የሚሠራበት የመስኮት ፋብሪካ ሠራተኞቹን ሰበሰበ፤ እናንተ ለእኛ ቤተሰብ ናችሁ አላቸው፤ አሰናበታቸው። አጎቴ ያልገባበት ሥራ ፍለጋ የለም። በመጨረሻ አንድ ጓደኛው ከሌላ ግዛት፣ ከኖርዝ ዳኮታ፣ ደወለለት። እዚያ ምድሩን እየበሱ ነው፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አጥተዋል፣ ኦቨርታይሙ ማለቂያ የለውም አለው። አጎቴ ፈቃዱ አለው። ስልኩን ዘግቶ ፊቱ እንደ በራ ወደ ኩሽና ገባና ለባለቤቱ ለእትዬ ሀዋ የምሥራቹን አበሰረ።

"የጉድጓድ ሥራ አገኘሁ።"

አማርኛችን ሀብታም ነው ይባላል። ለጉድጓድ ግን ሰስቷል። የውኃውም ጉድጓድ ነው፤ የመጸዳጃውም ጉድጓድ ነው፤ የሁላችን መጨረሻም ያው ጉድጓድ ነው። እትዬ ሀዋ የሰማችው የመጨረሻውን ነው።

"መቃብር ልትቆፍር ነው ኖርዝ ዳኮታ ድረስ የምትሄደው?" አለችው። "እዚህ ሬሳ ጠፍቶ?"

የለም፣ ጋዝ ነው አላት አጎቴ። ይሄ ደግሞ ባሰ። ለእትዬ ሀዋ ጋዝ ማለት ደሴ ሳለች በጠርሙስ እየገዛች ኩራዝ የምትሞላው ነው። አሜሪካ ስትመጣ ጋዝ ማለት መኪና ውስጥ የሚቀዳው ቤንዚን ነው ተባለችና እሱንም እንደምንም ተቀበለች። አሁን ሦስተኛው መጣባት፤ የማይቀዳው፣ የማይታየው፣ ከድንጋይ ሆድ የሚወጣው። ያኔ ነው እኔ የተጠራሁት።

እንደ ልማዴ አነበብኩ። ሼል የሚሉት ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ የተኛ ነው። በገጾቹ መሃል ጋዙ ታፍኖ ይኖራል። ቆፋሪዎቹ ብዙ ውኃ ከአሸዋና ከኬሚካል ጋር ቀላቅለው በኃይል ወደ ታች ይለቁበትና ገጾቹን ይሰነጥቋቸዋል። መጽሐፍ የሚወድ ሰው ለድንጋዩ ማዘኑ አይቀርም። የሚደግፉት ወገኖች ይህ ጋዝ ከከሰል ይሻላል፣ ሥራ ያመጣል፣ ከሩቅ አገር ነዳጅ ልመና ያወጣናል ይላሉ። የሚቃወሙት የጉድጓድ ውኃ ይበክላል፣ ተመልሶ የሚወጣው ቆሻሻ ውኃ የት እንደሚደፋ ንገሩን ይላሉ። የደጋፊዎቹ ወረቀት ላይ ለምለም ሣር የምትግጥ ላም አለች። የተቃዋሚዎቹም ወረቀት ላይ ላም አለች። ላሟ ያቺው አንዷ ትመስለኛለች፤ ሁለተኛው ላይ ከበስተጀርባዋ ደመና ጨምረውባታል። የማን ወገን እንደሆነች ሊጠይቃት የደፈረ የለም።

ይህን ሁሉ በትሕትና አስረዳሁ። አጎቴ ከንግግሬ ሥራ የሚለውን ወሰደ፤ እትዬ ሀዋ ውኃ የሚለውን ወሰደች፤ እኔን ሁለቱም ተዉኝ።

ነገሩ በዚሁ ይበርድ ይሆናል ስል፣ ሌክ ስትሪት ሱቅ ያላት የእትዬ ሀዋ ጓደኛ በኮምፒውተር አንድ ነገር አሳየቻት። አንድ ሰው የቤቱን ቧንቧ ይከፍታል፤ ክብሪት ይጭራል፤ ውኃው ቦግ ይላል። እትዬ ሀዋ ቤት ገብታ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ አጎቴ ፊት ቆመች። የዚያን ቀን የተናገረችው የቀልድ አልነበረም። በሰው ውኃ ላይ እሳት ለኩሰህ በምታመጣው እንጀራ ልጆቼን አላሳድግም፣ ከሄድክ ልጆቹን ይዤ ክሪስታል ከተማ እህቴ ቤት እገባለሁ አለችው። አጎቴ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ሶፋ ላይ ከሚያረጅ ሞት ይሻለዋል። ሶፋው ላይ የማነበው እኔ ስለሆንኩ ጉዳዩ እኔንም ይነካኛል፤ ግን ማን ጠየቀኝ።

ስለዚህ ሽማግሌ ተጠራ። ፈረንጆቹ ለዚህ ጉዳይ በየግዛቱ አዳራሽ ሞልተው፣ መሐንዲስና ጠበቃ አሰልፈው ይነታረካሉ አሉ። እኛ ሁለት ሰው በቃን። አንዱ የወሎው ሀጂ እንድሪስ ናቸው። ሌላው ጋሽ ታደሰ፣ ጎረቤታችን፣ የከተማ አውቶቡስ ነጂና የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ። እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ሻይና ሳንቡሳ ቀረበላቸው።

ሀጂ የሁለቱንም ቃል ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ውኃ በሃይማኖታችን ሦስት ነገር እንደሚጠየቅ ተናገሩ፤ ቀለሙ ተለውጦ እንደሆነ፣ ጣዕሙ ተለውጦ እንደሆነ፣ ሽታው ተለውጦ እንደሆነ። በነጃሳ፣ በርኩስ ነገር፣ የተለወጠ ከሆነ ለስግደት አይታጠቡበትም፣ ውዱእ አይደረግበትም።

"እሳት የሚይዝስ?" አለች እትዬ ሀዋ።

"እሱ ኪታብ ላይ የለም" አሉ ሀጂ፣ በጥንቃቄ።

ጋሽ ታደሰ ጉዳዩ የእሳቸውንም ቤተ ክርስቲያን እንደሚነካ አመለከቱ። እነሱም ሰው ሲጠመቅ ውኃ ውስጥ ያጠልቁታል። "በእሳት መጠመቅ ሲባል እንዲህ በቧንቧ የሚመጣ አልመሰለንም ነበር" አሉና ብቻቸውን ሳቁ።

አጎቴ አልሳቀም። ቀና ብሎ ሚስቱን አየና፣ "ሀዋ፣ እኔ ሹፌር ነኝ" አላት። "ድንጋይ አልሰነጥቅ፣ ክብሪት አልጭር። ልጆቼ ጠዋት አውቶቡስ ሲጠብቁ እኔን በፒጃማ መስኮት ላይ ሲያዩኝ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ?"

ሁለቱም ሽማግሌዎች አዘኑ፤ ግን ነገሩ ወደ ጋዙ ሲመለስ ፍርዱ ከበደ። ጋዝ ምድርን መብሳት ነው፣ ስግብግብነት ነው፣ ሰው ድሮ ያለሱ ኖሯል አሉ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየጨረሰ። በዚህ መሃል ሀጂ እጃቸውን እያፋተጉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ ነጃት፣ ሂቱን ትንሽ ከፍ አድርጊልን፤ ቤቱ ቀዘቀዘ።"

ተነሣሁ። ግድግዳው ላይ ያለችውን መቆጣጠሪያ ጠመዘዝኩ። ከእግራችን በታች፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ ፈርነሱ፣ የቤቱ ማሞቂያ ምድጃ፣ እያጉረመረመ ተነሣ። በወለሉ ቀዳዳ የወጣው ሞቅ ያለ አየር የሀጂን የሱሪ እግር ማወዛወዝ ጀመረ። እኔ በሰው ፊት የምናገር ሰው አይደለሁም። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

"ይሄም እኮ በጋዝ ነው የሚሠራው" አልኩ።

"የቱ?" አለች እትዬ ሀዋ።

"ይሄ፣ ከእግራችሁ በታች ያለው።"

ሽማግሌዎቹ ወለሉን አዩት። ጋሽ ታደሰ እግራቸውን ትንሽ ሰበሰቡ፤ ከቀዳዳው ግን አላራቁትም።

ከዚያ በኋላ ፍርዱ ፈጠነ። ሰይድ ይሂድ፤ የሚጭነው ግን ወደ ጉድጓድ የሚገባውን አሸዋ ብቻ ይሁን፤ ተመልሶ የሚወጣውን ውኃ እንዳይነካ፤ ሀዋም ከቤቷ እንዳትወጣ። አሸዋ ንጹሕ ነው፤ ውኃ ሲጠፋ በእሱ ታብሶ ይሰገዳል፣ ተየሙም ይደረግበታል አሉ ሀጂ። ሁሉም እፎይ አለ። ጉድጓዱ ያለ አሸዋው እንደማይሠራ አንብቤአለሁ፤ ግን የዕለቱን ንግግሬን ጨርሼ ነበር።

አጎቴ ሄደ። እትዬ ሀዋ ቃሏን ጠበቀች፤ ክሪስታል አልገባችም። ነገር ግን እልኸኛ ናት። ባሌን በሰጠሁበት ጋዝ ቤቴን አላሞቅም አለችና መቆጣጠሪያዋን ዝቅ አድርጋ በፕላስተር አሸገቻት። ልጆቹ በካፖርት ቁርስ በሉ። እኔ በጓንት ገጽ መግለጥ ተማርኩ፤ አንዳንዴ ሦስት ገጽ አብሮ ይሄድብኛል፤ አንዳንድ ልብ ወለድ እንዲያውም በዚህ ይሻሻላል።

አንድ ዓርብ አጎቴ ሺፍቱን ጨርሶ ደወለ። እትዬ ሀዋ ካፖርቷ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ስለ ጤናው ጠየቀችና ወደ ዋናው ገባች።

"የውኃው ቀለምስ?"

"አላየሁትም።"

"ጣዕሙ?"

"ማን ይቀምሰዋል ሀዋ። ሁላችንም የላስቲክ ጠርሙሱን ውኃ ነው የምንጠጣው፤ ካምፓኒው ራሱ ነው የሚያድለን።"

እትዬ ሀዋ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መጽሐፌ አየሁ።

"ጋዙስ?"

"የቱ ጋዝ?"

"ጋዙ ነዋ፣ ቤቴን ሊያፈርስ የነበረው።"

አጎቴ፣ "እሱንማ ያቃጥሉታል" አለ።

"የት?"

"ሜዳ ላይ። የሚፈልጉት ዘይቱን ነው። ጋዙ አብሮ ይወጣል፤ የሚወስድበት ቱቦ ገና አልዘረጉም። ከብረት ጫፍ ላይ ለኩሰው ይተዉታል፤ ሲነድ ያድራል። ሰማዩ ቀይ ነው፤ መብራት ባላበራ እንኳ መንገዱ ይታየኛል።"

ጓደኛው መጀመሪያ ሲነግረው ዘይትና ጋዝ ብሎት ነበር፤ አጎቴ የያዘው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው ለካ። በእሱ ላይ ነው ሽማግሌ ያስቀመጥነው።

እትዬ ሀዋ ተነሣች። ብርድ ልብሱን ሶፋው ላይ ጣለችው። ግድግዳው ጋ ሄዳ ፕላስተሩን ላጠችና መቆጣጠሪያዋን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘቻት። ከታች ፈርነሱ አጉረመረመ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

"ሰይድ፣ ቱቦው እስኪዘረጋ እንዳትቀመጥ፤ ቶሎ ና" አለችው። "እስከዚያው አንተም እሳቱ ጋ ጠጋ በል፤ እንዳይበርድህ።"

ጓንቴን አወለቅኩ። አንድ ገጽ፣ አንድ ብቻ፣ ገለጥኩ። ስለ ጋዙ አሁንም አቋም የለኝም። እግሬ ግን ሞቋል።