ከቅዳሜ ፊት የሚገባው ቃል

«ኢን» ነው፣ «ኦን» ነው፣ «አት» ነው እያለ ከስልኩ ጋር ሲሟገት የሚውል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ላሊበላ ብቅ በሉ፤ አስጎብኚ ነኝ ብሎ የሚቀበላችሁ እኔ ነኝ።

በቀደም አንዲት ፈረንጅ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ገዳም ልወስዳት መቼ እንደሚመቸኝ ጽፋ ጠየቀችኝ። በአማርኛ ቢሆን «እግዜር ካለ ቅዳሜ» ብዬ በተገላገልኩ! እንግሊዝኛው ግን ከቅዳሜ ፊት አንዲት ቃል ይፈልጋል። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፤ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ «ኦን» ብዬ ላክሁና ማትሪክ እንዳለፈ ሰው ደረቴን ነፋሁ።

ቅዳሜ የማኅበራችን ዕለት መሆኑ ትዝ ያለኝ እሺታዋ ከደረሰኝ በኋላ ነው። ለ«ኦን» ስጨነቅ፣ ቅዳሜ ራሱ ይመቸኝ እንደሆነ ማን ይጠይቅ? ለማኅበርተኞቹ ደውዬ «አሞኛል፣ ከአልጋ አልነሳም» አልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዳዬን አስከትዬ ተራራው ላይ ስደርስ፣ የነፍስ አባቴ ጀሪካን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«መምሬ! ምነው እዚህ?»

«ታሟል ቢሉኝ ጠበል ልቀዳልህ ወጥቼ ነዋ! ተሻለህ ልጄ?»

«ምን አሉህ?» አለችኝ እንግዳዬ።

ለመምሬ በአማርኛ፣ ለእሷ በእንግሊዝኛ የምለው ቢጠፋኝ ለሁለቱም አንድ ላይ «እህ! እህ!» ብዬ ሳልኩላቸው።