ሲኒማው ጋ ወደ ቀኝ

በሌለ ነገር መንገድ የሚጠቁም ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። እንዲህ ያለው ሰው ባንኩን አያየውም፤ የሚያየው ባንኩ ከመሠራቱ በፊት እዚያ የነበረውን እንጨት መሸጫ ነው። «እንጨት መሸጫው ጋ ስትደርስ ታጠፍ» ይልሃል። ስትዞር ውለህ፣ ፀሐይ አናትህን በስታህ ብትደውልለት «እሱማ ከፈረሰ ስንት ጊዜው» ብሎ በአንተ ያዝናል።

የእኛ ቤት የመንገዶች ሁሉ የበላይ ጠባቂ ክብርት አክስቴ ናት፤ እቴቴ ነው የምንላት። ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፋችውን ለየደንበኛዋ በእግሯ እየዞረች ስለምታደርስ ያልረገጠችው ቅያስ አልነበረም። መንገድ ጠይቀሃት ስትጨርስ ማሰሪያዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዓይንህን ጨፍነህ ታገኘዋለህ።» አንድ ቀን ስልኬ ላይ አቅጣጫ የምትናገረውን ሴት አሰማኋት። በጥሞና አዳመጠችና «ልጅቷ ደህና ናት፤ ግን ለሰፈሩ እንግዳ ናት» አለች።

የወንድሜ ሠርግ ዕለት ከሩቅ የሚመጡትን ዘመዶች በስልክ የመምራት ሥልጣን የተሰጠው ለእሷ ነበር። «ሲኒማው ጋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ» አለቻቸው። ሲኒማው የፈረሰው እኔ ሳልወለድ ነው። ግማሾቹ የማያውቁት ሰው ሠርግ ገብተው፣ በልተው ጠጥተው፣ ሙሽሮቹን መርቀው ወጡ። አጎቴ ሊቆጣት ሲነሳ «ታዲያ ጾማቸውን አደሩ?» ብላ ዝም አሰኘችው።

ይባስ ብሎ ነገሩ ተጋባብን። በቀደም ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቼ «ከሲኒማው ዝቅ ብሎ» ስለው ራሴን ሰማሁት። ሲኒማውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ሰውየውም እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ከዚያ እቴቴ ታመመች። ትኩሳት ነው ብለን ስንንቀው ወደ አንጎሏ ዘለቀ። ተመስገን፣ ተረፈች። ጨዋታዋም ተረቧም ያው ነው። አዲስ ነገር ግን አይያዝላትም። ውሃ ላመጣላት ኩሽና ደርሼ ስመለስ «ውይ መጣህ? ጠፋህ እኮ» ትለኛለች።

«ሂፖካምፐስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ» አለን ሐኪሙ። «ከጆሯችን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በግራም በቀኝም። የባሕር ፈረስ የሚሏትን ትንሽ ዓሣ ይመስላል። የዛሬውን ለነገ የሚያቆይልን እሱ ነው። አዲስ ቤት ስንገባም ካርታውን የሚያነሳልን እሱ ነው፤ በሩ ጋ ስንደርስ የሚነቁ ሴሎች አሉ፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሌሎች። የእሳቸው በሁለቱም በኩል ተጎድቷል።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ የምፈልግ ሰውዬ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ መስኮቴ ጋ ስደርስ የሚነቃ ሴል ይዤ እንደምዞር ማን ነገረኝ?

«የድሮውስ?» አልኩት።

«ለዓመታት የተመላለሱበት መንገድ ሌላ የአንጎል ክፍል ውስጥም ሥር ይሰዳል፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ይቀራል። የሚከብዳቸው አዲስ ቤት መልመድ ነው።»

ችግሩ፣ አዲስ ቤት ገብታለች። ብቻዋን መኖር ስለማትችል የድሮ ቤቷን ለቃ የሴት ልጇ አፓርታማ ውስጥ ነው ያለችው። እዚያ ሽንት ቤቱን ማግኘት አቃታት። በየቀኑ እናሳያታለን፣ በየቀኑ ኮሪደሩ መሀል ትቆማለች። አንድ ቀን ሳትደርስ ቀረች። ከተማውን ስትመራ የኖረች ሴት፣ እርጥብ ቀሚሷን ጨብጣ ግድግዳ ተደግፋ አገኘኋት። «የማን ቤት ነው ያለሁት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ልጇ ሥራ ውላ ነው የምትገባው፤ ደክሟታል። «መጦሪያ ባስገባት ይሻላል፤ እዚያ ቢያንስ ሰው አይለያትም» አለችኝ። መጦሪያውም አዲስ ቤት ነው። እዚያ ከገባች ዕድሜ ልኳን እንግዳ ሆና ልትቀር ነው።

እሑድ ከሰዓት ሦስታችን ተቀምጠን፣ ትንሽ ፈካ ትበል ብዬ «እቴቴ፣ ከድሮ ቤትሽ ገበያው በየት በኩል ነው?» አልኳት። ወይ ጉድ። እንጨት መሸጫው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ተናካሽ ውሻ ያለበት አጥር፣ አንዱም ሳይዛነፍባት እጇን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያጠፈች ነገረችን። የፈረሰ ከተማ ተነሥቶ ፊቴ ቆመ።

«ሽንት ቤትሽስ?» አለች ልጇ ድንገት።

«የራሴን ቤት ትጠይቂኛለሽ? ከአልጋዬ ስነሳ የስፌት መኪናዬን በቀኝ ትቼ አረንጓዴውን መጋረጃ መግለጥ ነዋ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ታገኚዋለሽ።»

ተያየን። እቴቴን ቤቱን እናስለምድ ብለን ስንታገል ከርመናል፤ ቤቱን እንደ እሷ እናድርገው ያለ ግን አልነበረም። ልጇ ሽንት ቤት ያለውን የራሷን መኝታ ክፍል ለቀቀችላት። አልጋውን አዞርን፣ የስፌት መኪናውን ከዕቃ ቤት ጎትተን አወጣን፣ የሽንት ቤቱን በር ነቅለን አረንጓዴውን መጋረጃ ሰቀልን። ወገቤን እስካሁን ያመኛል።

እዚያው አደርኩ። ጠዋት እኔና ልጇ ደጃፉ ላይ ቆመን ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። እቴቴ ተነሳች፤ መኪናውን በቀኝ ተወችው፤ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ስትወጣ አየችን።

«ምን ተገትራችሁ ታዩኛላችሁ? ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው አይታችሁ አታውቁም?»

ልጇ ታለቅስ ነበር። የመጦሪያው ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ልሄድ ስል እቴቴ እንደ ድሮዋ መንገድ ሰጠችኝ። «ከበሩ ወጥተህ ሲኒማው ጋ ወደ ቀኝ። አጥሩ ጋ ስትደርስ ዳር ዳሩን ሂድ፤ ያ ውሻ አይታመንም።»

«እሺ እቴቴ» አልኳት።

የእኔ ታክሲ በግራ በኩል ነው። ሲኒማው የለም፤ ውሻውም ድሮ ሞቷል። ወደ ቀኝ ታጠፍኩ፤ ዳር ዳሩንም ሄድኩ።