ላለመነሳት የተደረገ ዝግጅት

ሰው ኦፕራሲዮን ሊሆን ሲል ምን ያዘጋጃል? ፒጃማ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ለማገገሚያ አጥሚት ትሉኝ ይሆናል። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተዘጋጀሁት ባለጌ ለመሆን ነው። ቆይ፣ አትፍረዱብኝ። ከመነሻው ላውራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤቴ ልደታ፣ ሱቄ አብነት። ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ የሚበላው በእጁ ይመስላችኋል አይደል? ደንበኛው ሁሉ "እጅህን ይባርከው" ይለኛል። ቀኑን ሙሉ የመኪናውን ፔዳል የሚረግጠውን ቀኝ እግሬን ያመሰገነው አንድም ሰው የለም። እኔም ራሴ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር፣ ከቀበሌ ስብሰባ ስወጣ ደረጃ ስቼ ቁርጭምጭሚቴ እስኪሰበር ድረስ። ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር አትጠይቁኝ። ግማሽ ቀን ተቀምጬ እግሬ ደንዝዞ ነበር፣ የማስታውሰው ይህንኑ ነው።

ያኔ ወጌሻ መጥቶ አሸኝ፣ በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረኝና "አርባ ቀን እንዳትቆምበት" ብሎኝ ሄደ። በወጌሻው ቅሬታ የለኝም። ችግሩ ጠያቂ ነው። እኛ ሰፈር ሰው ታሞ ብቻውን አይተኛም። ታላቅ ሲገባ ደግሞ ምን ይደረጋል? ብድግ ተብሎ "ኖር" ይባላል። የገባው ሰው "በእግዜር" ይላል። ይህን መቼ እንደተማርኩት እንኳን አላውቅም፣ አብሮኝ የተወለደ ነው የሚመስለኝ። እናም ሽማግሌ በገባ ቁጥር ተነሳሁ። ሁሉም "ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጥ" ይሉኛል። ግን የሚሉኝ ከተነሳሁ በኋላ ነው! አጥንቴ ጠሞ ገጠመ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ እግሬ እያበጠ ፔዳሉን እምቢ አለኝ። በአንድ ቀን የማደርሰው ሱሪ ሦስት ቀን ይፈጅብኝ ጀመር። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ቆፍጣና። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው። አጥንቱ እንደገና ተቆርጦ ይስተካከላል፣ ብረት ይገባበታል፣ ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት እግሩ መሬት አይነካም አለኝ። ቢነካስ? አልኩት።

"ሁለተኛ ከጠመመ እኔ የማደርግልዎት ነገር የለም" አለኝ። "የስፌት መኪናውን ይሸጡታል።"

ሌላ ሙያ የለኝም። ሐኪሙ ግን ቤትዎን ያዘጋጁ ብሎ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠኝ።

ባለቤቴ አስካለ ለዝግጅት የተፈጠረች ሴት ናት። አልጋውን ከጓዳ ወደ ሳሎን አወጣች። ክራንቹን እንዳይጠልፈው ምንጣፉን ጠቅልላ አነሳች። ሽንት ቤታችን የግቢው ጥግ ላይ ነው፣ ለስድስት ቤት አንድ፣ መንገዱም ጭቃ። ስለዚህ ቀይ አበባ ያለበት ፖፖ ገዛች። ሳትሸፍነው ይዛው ስለመጣች ሰፈሩ ሁሉ ስለ ኦፕራሲዮኑ የሰማው በፖፖው ነው። ክራንች ተዋስኩና የብብቱን መደገፊያ በካፖርት ቁራጭ ሸፈንኩት፣ ያማረ ስፌት ነበር። ከቀበሌ ስብሰባ ለመቅረትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሚጠየቀው ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ነው። ተገኝቼ ጠየቅሁ።

አንድ ቀን አስካለ ቤቱን ዞራ አየችና፣ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል፣ ያልተዘጋጀኸው አንተ ነህ አለችኝ። ሰው ሲመጣ ትነሳለህ። አልነሳም አልኳት። እስቲ እንይ አለችና ወጥታ ነጠላዋን ተከናንባ ተመለሰች። ሳቅሁ እንጂ አልተነሳሁም። ይህማ እኔ ስለሆንኩ ነው ብላ እንደገና ወጣች። አሁን የገባችው ጎረቤታችንን እማማ በላይነሽን ሆና ነው። ሳላቸው፣ አጎንብሰው መግባታቸው፣ "እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ" ማለታቸው፣ ምኑን ልንገራችሁ! ራሴን ቆሜ አገኘሁት።

በየቀኑ ተለማመድን። አንድ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ብልግና ሲያጠና አስቡት! ትንሽ ተሻሻልኩ ስል እውነተኛዋ እማማ በላይነሽ ወንፊት ሊዋሱ መጡ። ተነሳሁ። አስካለ ወንፊቱን ሰጥታ ሸኘቻቸው። በነጋታው የቁልፍ ጣሳዬን ከሱቅ እንዳመጣ አዘዘችኝ። ዱካ ወንበር ላይ እግሬን አሰቀለችኝና ጭኔ ላይ ትሪ አስቀምጣ የሸሚዝ ቁልፉን ሁሉ ገለበጠችው። በል ልቀም፣ ስትነሳ ይፈሳል፣ ያን ጊዜ ታስታውሳለህ አለችኝ።

ይህቺ ሴት ታውቀኛለች። ቁልፍ ሲፈስ ማየት አልችልም። ያደግሁት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋሽ ሽብሩ ዘንድ ነው፣ ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ሥራዬ የወደቀ ቁልፍ ከመሬት እየለቀምኩ መለየት ነበር። ባለሁለት ቀዳዳውን ለብቻ፣ ባለአራቱን ለብቻ። የደባለቀ ጆሮው ይቆነጠጣል። ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ የራሴን ሱቅ ስከፍት ግን ሄጄ ምርቃታቸውን አልተቀበልኩም። ፈራሁ፣ ኩራትም ነበረብኝ። ተቀየሙኝ። ሰላምታም ቀረ። እግሬ ሲሰበር ያ ሁሉ ሰው ሲመጣ እሳቸው አልመጡም። እውነቱን ልናገር፣ ከስብራቱ ይልቅ ያ ነው የጠዘጠዘኝ።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም ተጠናቀቀ። እግሬን በጀሶ ተጠቅልዬ፣ ትሪዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠያቂ መቀበል ጀመርኩ። ሠራ! እማማ በላይነሽ ሲገቡ በአፌ ብቻ "ኖር" አልኩ። ትሪውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ልጄን ሥራ አላስነሳው ብሎት ነው ብለው ራሳቸው አመካኙልኝ። የቀበሌው ተወካይም መጣ። ለእሱስ ወገቤ ያለ ትሪም ይታዘዘኝ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በሩ ላይ ጥላ አጠላ። ቀና ስል ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ሸምግለዋል። ከዘራ ይዘዋል። ከደጃፉ አላለፉም፣ ቆመው ያዩኛል። ከስንት ዓመት በኋላ እግራቸው ቤቴን ሲረግጥ ተቀምጬ ልቀበላቸው? ንቆኛል ብለው ቢመለሱስ?

ማሰቡን አልጨረስኩትም። ትሪው ተገለበጠ። ቁልፉ በሳሎኑ ሙሉ ተበተነ። በግራ እግሬ ቆሜያለሁ፣ ባለጀሶው ወደ መሬት እየወረደ ነው።

"ተቀመጥ!" አሉኝ።

ያ የሱቁ ድምፅ ነው፣ መቀሱን እጄ ላይ የሚያስቆመው። መቀመጤን ያወቅሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ለታላቅ መነሳት ከአጥንቴ የገባ ልማድ ነው፣ ለጋሽ ሽብሩ መታዘዝ ግን ባሰ። እግሬ መሬቱን ሳይነካ ዱካው ላይ ተመለሰ።

እሳቸው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተንበረከኩ። አስካለ ሮጣ ልታነሳቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት። አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። እየለቀሙ አልጋው ሥር ገቡ።

"ያኔ ስትሰበር መምጣት ነበረብኝ" አሉ ከዚያው ከአልጋው ሥር። ፊታቸው አይታየኝም።

"እኔም ሱቁን ስከፍት መምጣት ነበረብኝ፣ ጋሼ" አልኩ። እንባዬ መጣ።

ከአልጋው ሥር ሲወጡ አቧራቸውን አራገፉና እንደ ድሮው አጠገቤ ተቀምጠው ቁልፉን በሁለት ጣሳ ይለዩ ጀመር። ዓይናቸው ደክሟል። ባለአራቱን ከባለሁለቱ ጋር ይጥሉታል፣ ባለሁለቱን ከባለአራቱ ጋር። አየሁ። ጆሮዬን ዳበስኩ። ሲጨርሱ፣ ልክ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ልክ ነው ጋሼ አልኳቸው።

ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ ቀጥ ብሏል፣ እንዴት አድርገው ቻሉት አለኝ። ቁልፍ ስለቅም ነበር አልኩት። ምንም ሳይጽፍ አሰናበተኝ። እግሬ ዛሬም ፔዳሉን ይረግጣል።

ቁልፎቹን ግን ከዚያ ወዲህ አልለየኋቸውም። እንግዲህ እኔ ዘንድ ሸሚዝ አሰፍታችሁ አንዱ ቁልፍ ባለሁለት ቀዳዳ፣ ከሥሩ ያለው ባለአራት ሆኖ ካገኛችሁት፣ ግዴለሽ ልብስ ሰፊ ነው አትበሉኝ። ለታላቅ መነሳቴ ነው።