የአደጋ ቦታው አስታራቂ

መካኒሳ አቦ አካባቢ መኪናዎ ተገጭቶ ያውቃል? እንግዲያው አስታራቂውን አባት ያውቋቸዋል። ሁለት መኪና በተነካካ ቁጥር መሀል የሚገኙት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሚኒባስ ከኋላዬ ገጭቶኝ፣ መኪናዬ አልንቀሳቀስ ብሎ፣ ትራፊክ ፖሊስ ልጠራ ስል እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ለአቦ ብለህ ይቅር በለው፤ ኢንሹራንስ አለህ አይደል?» ምን ይባላል? ይቅር አልኩት። ሹፌሩም ስሞኝ፣ መርቆኝ ሄደ።

ከካሳው የምትቀነሰውን የራሴን ድርሻ ለመቻል ቆርጬ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ። «የፖሊስ ሪፖርትስ?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«ታርቀናል።»

«እርስዎ ይቅር ካሉት እኛ ማንን እንጠይቃለን?»

ጮህኩ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ከበበኝ፤ አንዱ ትከሻዬን ይዞ፣ «ወንድሜ፣ ለአቦ ብለህ ይቅር በላት!» አለኝ።

እሷንም ይቅር አልኳት። ይኸው ዛሬ የተጣላሁት ሰው የለም፤ የምነዳው መኪናም የለኝም።