ማሳ የማይነካው የኦቦ ቀጄላ ከተማ

ለልጁ ብሎ ጌም ገዝቶ ለልጁ የማይሰጥ አባት የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና መብራት አልገባለትም ማለት ነው። ይህ አባት «ልጄ ኮምፒውተር ትልመድ» ብሎ ይጀምራል። ዓመት ሳይሞላ፣ «አባዬ ይበቃሃል፣ ዓይንህ ይጠፋል» እያለች የምትቆጣው ልጅቷ ትሆናለች።

ለእኛ ለቡራዩዎች የደረሱን ክቡር ኦቦ ቀጄላ ናቸው። የዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሌሊሴ የምትባል አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ በኮምፒውተራቸው ውስጥ ደግሞ የሃያ ሺህ ሕዝብ ከንቲባ። ጨዋታው ከተማ መሥራት ነው፤ መንገድ ትቀይሳለህ፣ ውሃ ታስገባለህ፣ ሕዝቡ ካልተመቸው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ክቡርነታቸው ከተማ በማያስተዳድሩበት ሰዓት ያነባሉ። መጽሐፉን ሁሉ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ስለሚለብዱት ምን እንደሚያነቡ የሚያውቅ የለም። እድር ላይ ያነባሉ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያነባሉ። ስትጠራቸው አንድ ጣት ያነሳሉ፤ «ይቺን ገጽ ብቻ ልጨርስ።» ያቺ ገጽ አልቃ አታውቅም።

አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ምነው ኦቦ ቀጄላ?»

«ሃያ ሺህ ሰው ውሃ ተቋርጦበታል። ቧንቧዬ ወንዙ ጋ አልደረሰም።»

ከፊታችን የነበሩት እማማ ደስታነሽ ዞር ብለው «የት አገር ነው ደግሞ? ጌታ ሆይ ድረስላቸው!» ብለው ጸሎት ጀመሩ። ክቡርነታቸው አላረሟቸውም። «ይጸልዩ፣ አይጎዳም» አሉኝ በጆሮዬ።

ቤቱ ሕግ አለው። አባትና ልጅ ከተማውን የሚያስተዳድሩት በየተራ ነው፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ያነባል፤ የሰው ተራ አይነካም። ሌሊሴ ልጅ ሆና ታይፎይድ አስተኝቷት ሳለ ከተማው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጠብቋታል። መኪናው እንኳ መስቀለኛ መንገዱ መሃል እንደቆመ ነበር።

ሌላ ሕግ ደግሞ አለ፤ ይሄኛው የክቡርነታቸው ብቻ ነው። ከከተማው በስተምዕራብ ያለው ማሳ ቤት አይሠራበትም፣ አይታጠርም፣ መንገድ አያልፍበትም። አንዴ ስንዴ ነው ብል «ጤፍ ነው» ብለው ተቆጡኝ። አባታቸው ገፈርሳ በኩል የነበራቸው የጤፍ ማሳ ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ስለዚህ አልተከራከርኳቸውም። ለማሳው ሲባል መንገዱ ሁሉ ይጠማዘዛል፣ መኪናው ይጨናነቃል፣ ሕዝቡ ያማርራል።

«አባዬ፣ አንድ መንገድ!» ትጮኻለች ሌሊሴ። «አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ!»

«ሕዝቡ ትንሽ ቢዞር ምን ይሆናል? እግር የለውም?»

የመንግሥት ሰዎች አዲስ አበባን ወደ እኛ ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን ሊያስረዱን አዳራሽ የጠሩን ጊዜ ኦቦ ቀጄላ ከኋላ ተቀምጠው ሲያነቡ ቆይተው ድንገት እጃቸውን አወጡ።

«ሴቭ ተደርጓል?»

«ምን አሉ፣ አባት?» አለ ካርታው አጠገብ የቆመው ሰው።

«ከመጀመራችሁ በፊት የነበረው ተቀምጧል ወይ ነው የምለው። ከተበላሸ ወዴት ነው የምንመለሰው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ግን ሳይስቅ ወደ ካርታው ዞረ።

በ2008 መግቢያ ሌሊሴ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። በሄደችበት ጠዋት ተራው የእሷ ነበር። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከበሩ «ስመለስ ማሳህን አስፋልት ነው የማለብስልህ!» አለች። ክቡርነታቸው ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ አንድ ጣት አነሱ።

ኅዳር ላይ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የአምቦ መንገድ ተዘጋ። ጎማ ተቃጠለ፣ ሱቁ ሁሉ ቆለፈ። ተማሪዎች ተመቱ ይባላል፤ የትኛው ግቢ፣ የማን ልጅ፣ የሚናገር የለም። የሌሊሴ ስልክ አይሠራም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ግቢያችን በተከበበ ጊዜ እናቴ ቤት ቁጭ ብላ ምን ታደርግ እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም። አሁን የምጠይቃት የለችም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ኮምፒውተሩ በርቷል፤ ከተማው ቆሟል። መጽሐፉ ጉልበታቸው ላይ ተዘግቷል። ኦቦ ቀጄላን መጽሐፍ ዘግተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ኮቱ፣ ታኢ፤ ና፣ ተቀመጥ» ብለው ወንበር ሳቡልኝ።

ላጫውታቸው ብዬ «እስቲ የሌሊሴን ተራ እኔ ልጫወትላት» አልኩ።

«የሰው ተራ አይወሰድም!» ጮኹ። ወዲያው ድምፃቸው ወረደ። «እኔ ብነካው፣ አትመጣም እንዳልኩ ነው። ትምጣና ማሳውን ሙሉ ትውሰደው፣ ብዙነህ። አስፋልትም ታልብሰው።»

ከዚያ ማውሷን ወደ እኔ ገፉልኝ። «ለአንተ የራስህን መሬት እከፍትልሃለሁ።» በስሜ አዲስ ከተማ ተከፈተልኝ።

መንገዱ ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ፣ እሳቸው ስልካቸውን እየሞከሩ፣ እኔ ከተማዬን ሠራሁ። ጥሩ ከንቲባ አልወጣኝም። አንድ ቀን መነጽራቸውን አድርገው አጎንብሰው ተመለከቱት።

«ቤተ መጻሕፍቱ በዝቷል። ሰዉ የታለ?»

«ቤት ገና አልሠራሁም።»

«የብቸኛ ሰው ከተማ ያስታውቃል» አሉ፤ ሊያስከፉኝ ብለው አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት በጥቂቱ ሳቁ።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። መንገዱ ተከፍቶ ተማሪ የጫነ አውቶብስ በከታ ሰፈር በኩል ሲገባ ክቡርነታቸው በነጠላ ጫማ ሮጡ። ሌሊሴ ስትወርድ አየኋት፤ ከስታለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። ያቀፏት እሳቸው ናቸው፤ መጀመሪያ የተናገረችው ግን እሷ ናት።

«አልነካኸውም አይደል?»

እኔ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቤታችንን በሚያዋስነው ግድግዳ በኩል ሙግታቸው ይሰማኛል፤ «አንድ መንገድ!» «እግር የለውም?» ማሳው አሁንም አለ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ወደምሄድበት ቤት ግን ባለተራዋ መጥታለች። መስኮቴን ዘጋሁ፤ ቀኑን የማደርገው ጠፍቶኝ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

በሩ ተንኳኳ። ሌሊሴ ናት።

«ጋሼ ብዙነህ፣ ኧረ ይምጡ! አባዬ የእርስዎን ከተማ አላስነካ አለኝ። አንዲት ጎጆ ልሥራላቸው ስለው ጮኸብኝ። ተራው የእርስዎ ነው።»

ወደ ተዘጋው በር አንድ ጣት አነሳሁ።

«እሺ» አልኳት፤ «ይቺን ገጽ ብቻ ልጨርስ።»

በእጄ መጽሐፍ አልነበረም።