እንባ አይተን የዳርናት ልጅ

የደሴ ሰው ሰውን አያጠናም፤ አይቶ ያውቃል። ካላመናችሁ ሆጤ ሰፈር ግቡና የፈለጋችሁትን በር አንኳኩ። «ዓይኑን አይቼ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አወቅሁት» የማይል ካገኛችሁ እኔን ጥሩኝ። የቀረበለት ሻይ ሳይበርድ የእንግዳውን ልብ መርምረን፣ ፈርደን፣ ፋይሉን ዘግተን እንነሳለን። ተሳስተን እናውቃለን ወይ? ሁልጊዜ ነዋ! ጥፋቱ ግን የእኛ ሆኖ አያውቅም። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» እንልና ለሰውየው አሸክመን ወደሚቀጥለው እንግዳ እንዞራለን።

የእኛ ቤት ምርመራ ደግሞ ለየት ይላል። ጴንጤዎች ነን። እንግዳ ሲመጣ ማዕድ ይቀርብና «እስቲ ወንድማችን፣ በጸሎት ባርክልን» ይባላል። እኛ ዓይናችንን ጨፍነን እናዳምጣለን። ዓይን ጨፍኖ ሰውን መርምሮ ማወቅ ከእኛ ሌላ ማን ይችላል? አሳጥሮ የጸለየ ቀዝቃዛ ነው፤ የተንተባተበ ያጠራጥራል፤ ያለቀሰ የእኛው ነው።

የእህቴ ልጅ ምሕረት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ኤፍሬም የሚባል ጎልማሳ እዚያው ተዋወቃትና ላግባሽ አላት። አገርህ የት ነው ሲባል ሩቅ አገር ጠራ፤ ዘመድ ሲባል ሁሉም ሞተዋል አለ። እህቴ ይህ ሁሉ አላሳሰባትም። ማዕድ አቅርባ ጸልይ አለችው። ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! በወጡ ጀመረ፣ ወደ አገሪቱ ተሻገረ፣ የምሕረትን ሟች አባት ሲያነሳ ድምፁ ተቆረጠ፣ እንባው እንጀራው ላይ ተንጠባጠበ። ወጡ በረደ፣ እኛ ሞቅን። በቤተሰቡ ተጠራጣሪ እየተባልኩ የምታማው እኔ እንኳ መሐረብ ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ።

ሠርጉ ሲቃረብ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ከገራዶ መጣች። ኤፍሬም ባሌ ነው፣ ያዘልኩት ልጁ ነው አለች። እንዴት ብላ ተናገረች መሰላችሁ? መሬት መሬቱን እያየች። መቼ ነው የተጋባችሁት ስንላት መጀመሪያ በጥቅምት፣ ቆይታ ደግሞ በኅዳር አለች። መሃል ላይ ፈገግ ብላ አረፈችው! የጨነቀው ሰው ያለ ቦታው እንደሚስቅ ማን ያጣዋል? እኛ አጣነው። ባሏን የተነጠቀች ሴት እንዲህ አትሆንም አልን። እንዴት እንደምትሆን ከየት እንደተማርነው እንጃ፤ ከቴሌቪዥን ድራማ ይመስለኛል።

ኤፍሬም ተጠራ። ዓይን ዓይናችንን እያየ፣ አላውቃትም፣ ቢሆንም አልፈርድባትም፣ እንጸልይላት አለ። ጸለየላት፣ አለቀሰላትም። ሴትዮዋ ልጇን አስተካክላ አዝላ ሳትሰናበተን ወጣች። እህቴም፣ አያችሁ፣ ጸሎቱን መቋቋም አቃታት አለች።

ጎረቤታችን እማማ ዘሀራ ይህን ሰምተው፣ ወላሂ እኔ እናንተን ብሆን ገራዶ ሄጄ እጠይቅ ነበር አሉ። ገራዶ እኮ እዚህ ማዶ ነው፤ ጠዋት ታክሲ የተሳፈረ ሰው ጠያይቆ ለምሳ ይመለሳል። ምሕረትም አንዳችሁ ሂዱልኝ ብላ ለመነችን። በጸሎት የተረጋገጠን ነገር በታክሲ ሄዶ ማረጋገጥ እምነት ማነስ ነው ተባለ። ይህን ያልነው እኛ፣ ቲማቲም ስንገዛ አንድ በአንድ የምናገላብጥ ሰዎች ነን።

ተጋቡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛው የጠራው ምሕረት ካረገዘች በኋላ ነው። የገራዶዋ ሴት ወንድሞች የእህታቸውን የሠርግ ፎቶ ይዘው ኮምቦልቻ ድረስ ወረዱ። ሙሽራው ኤፍሬም ነው። በፎቶውም ላይ እያለቀሰ ነበር።

ምሕረት ልብሷን ይዛ እናቷ ቤት ተመለሰች፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም እዚያው እህቴ ቤት ተሰበሰቡ። ኤፍሬም መካከላቸው ተንበርክኮ፣ በድያለሁ፣ ከእንግዲህ ግን ከምሕረት ሌላ ማንም የለኝም እያለ ተንሰቀሰቀ። አንዱ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ይህ እውነተኛ ንስሐ ነው፣ ልጃችንም ይቅር ትበለውና ወደ ቤቷ ትመለስ ተባለ። ተናደድኩ፤ ግን ማን ይሰማኛል?

ምሕረት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች። ዓይኗ ላይ አንዲት ጠብታ የለም።

«ያኔም አምናችሁት ሰጣችሁኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ዛሬም አምናችሁት ልትመልሱኝ ነው?»

ነጠላዋን አንስታ ወጣች። እህቴ፣ ዘጠኝ ወር የተሸከመቻት የገዛ እናቷ፣ በሩን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እንባ እንኳ አልወጣትም እኮ» አለችኝ። «ይህች ልጅ የደበቀችን ነገር አላት።»